ለመረዋ የሚሆን መዶሻ፦ የሥራ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ከጥምቀት በኋላ

ሥራው ይህ ነው። ጣና ዳር ያለ አንድ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል አለው። መረዋ ይሉታል። ረዘም ያለ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በሁለት የወይራ ቋሚዎች መካከል በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በጣና ገዳማት እንዲህ ያለ ደወል እንግዳ ነገር አይደለም። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው አይቶት ይሆናል።

ይሄኛው እስከ ዛሬ የሚመታው ጭብጥ በሚያክል ሌላ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ አንዱ መሸራረፉ አይቀርም። የመረዋው ጠርዝ ብዙ ቦታ ላይ ተልጧል። ቄሰ ገበዙ ጠሩኝና «ልጄ፣ ድምፁን የማይገድል፣ ድንጋዩንም የማይበላ መምቻ ሥራልን» አሉኝ። መዶሻ ልሠራላቸው ተስማማን።

በድንጋይ መምታት የሚናቅ ዘዴ አይደለም። በእጅ የሚያዝ ድንጋይ የሰው ልጅ የመጀመሪያው መዶሻ ነው። አፋር ውስጥ ጎና በሚባለው ቦታ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እነሱ የተሠሩት ድንጋይን በድንጋይ በመምታት ነው። እጀታ የመጣው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። ደወሉ ባይጎዳ ኖሮ የቄሰ ገበዙን ድንጋይ ባልነካሁባቸው።

ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት መመዘኛ አንድ ነው፦ መዶሻው እንደመታ ወዲያው መመለስ አለበት። ብርጭቆን በማንኪያ መታ አድርጋችሁ ማንኪያውን እዚያው ብትተዉት ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ድንጋይም እንደዚያው ነው። ሌላው ሁሉ፣ እንጨቱም ክብደቱም ርዝመቱም፣ ለዚህ መመለስ የሚያገለግል ነው።

ሐሙስ

አዲሱን ከመጀመሬ በፊት የራሴን የብረት መዶሻ አስተካከልኩ። አናቱ መወዛወዝ ጀምሯል። በጋ ላይ ባሕር ዳር የሚሠራ አናጢ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በክረምቱ እርጥበት ያበጠው እንጨት ጥርና የካቲት ላይ ይኮማተራል። ያኔ አናቱ ይላላል። የላላ አናት በሥራ መሀል ተነቅሎ ሰው ሊፈነክት ይችላል።

የብዙ ሰው መፍትሔ መዶሻውን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ለዕለቱ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ ያነሰ ይሆናል። በየጊዜው የሚዘፈዘፍ መዶሻ በየጊዜው እየባሰበት ይሄዳል። ደግማችሁ ሽብልቅ ምቱበት እንጂ አትዘፍዝፉት።

እኔ አሮጌውን ዛቢያ፣ ማለትም እጀታውን፣ አውጥቼ ጣልኩት። አዲሱ ወይራ ነው፤ ከአጥር ሥራ የተረፈ፣ ጥላ ውስጥ በደንብ የደረቀ። በመጋዝ አልሰነጠቅኩትም፣ በፋስ ፈለጥኩት። መጋዝ የራሱን ቀጥታ መስመር ይዞ የእንጨቱን ጭረት፣ ማለትም የተፈጥሮ መስመሩን፣ እያቋረጠ ይሄዳል። ፍልጥ ግን ጭረቱን ተከትሎ ስለሚለያይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠ ዛቢያ ይሰጣል። ጭረቱ የሚቆምበት አቅጣጫም ወሳኝ ነው። የዛቢያውን ቂጥ ስታዩት መስመሮቹ ወደ ምቱ አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። ተጋድመው ከሆነ አንድ ቀን ይሰበራል። በመጥረቢያ ጠረብኩት፣ በሞረድ ሞረድኩት፣ በተሰበረ ጠርሙስ ፋቅኩት። በብርጭቆ ወረቀትም ይሆናል፤ ግን ጠርሙስ ወይራ ላይ የሚያወጣው ልስላሴ ሌላ ነው።

የመዶሻው ቀዳዳ ከውስጥ ሲታይ ወጥ አይደለም። በሁለቱም ጫፍ ሰፋ፣ መሀሉ ላይ ጠበብ ይላል። ዛቢያው ከታች እየጠበቀ ይገባል። ከላይ በኩል በመጋዝ በተተወለት ስንጥቅ ውስጥ ሽብልቅ ሲመታበት ጫፉ ይከፈትና ሰፊውን ቦታ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሄድም። ሽብልቁን ከዋንዛ ነው የሠራሁት። ዋንዛ ከወይራ ስለሚለሰልስ ሲገባ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ሁሉ ይደፍናል።

ለጀማሪ ሁሉ የማሳየው ደስ የሚል ነገር አለ። አናቱን ለማስገባት መሬት ላይ አስደግፎ መውቀጥ አያስፈልግም። ዛቢያውን አየር ላይ ትይዙታላችሁ፤ አናቱ ወደ ታች ይሆናል። ከዚያ የዛቢያውን ቂጥ ከላይ በእንጨት መዶሻ ትመቱታላችሁ። እንጨቱ ወደ ታች ይነዳል። ከባዱ ብረት ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል። በያንዳንዱ ምት ብረቱ በዛቢያው ላይ ሽቅብ ሲወጣና ሲጠብቅ በዓይን ይታያል። ማንም አልገፋውም፤ ክብደቱ ብቻ ነው።

ይህን ስትሠሩ የብረት መዶሻን በብረት መዶሻ እንዳትመቱ። የሁለቱም ፊት በእሳትና በውኃ የጠነከረ ነው። ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

ቅዳሜ

የመረዋው መዶሻ አናቱ እንጨት ስለሚሆን እንዳይሰነጠቅ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ያስፈልጉታል። ለዚህ ብረት የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ያላቸው ከሰል፣ ወናፍ፣ ጉጠት፣ መስፍና መዶሻ ነው። መስፍ የጋለው ብረት ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት ነው። ጥግ ላይ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተከምሯል። ባሌስትራው ለማጭድና ለቢላዋ እንጂ ለቀለበት አይሆንም አሉኝ። በጣም ይጠነክራል። ለኔ ለስላሳ ብረት መረጡልኝ።

ትልቁን መዶሻ የያዘው ልጃቸው ነው። እሳቸው በትንሽ መዶሻ የጋለውን ብረት ነካ ያደርጋሉ፤ ልጃቸው እዚያው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ቃል አይለዋወጡም። እሳቸው መስፉን በጎን ሲነኩት ልጁ ያቆማል። ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያነሱ ሲጥሉ ክንድዎ አልደከመም?» አልኳቸው።

«እኔ እጥለዋለሁ እንጂ መች አነሳዋለሁ። የሚያነሳው መስፉ ነው» አሉኝ።

እኔ በደብተር ያሰፈርኩትን እሳቸው በክንዳቸው ያውቁታል። ጥሩ መስፍ መዶሻውን ወደ ላይ ይመልሰዋል። እጁን ያላላ ሠራተኛ ያንን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ምት ይጠቀምበታል። ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ግን ምላሹን በክርኑና በትከሻው ይውጠዋል፤ ማታ ሲያቃስት ያድራል። የጋለ ብረት ምቱን ይበላል፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይመልሳል። ጋሼ ብረቱ መቀዝቀዙን ከቀለሙ ሌላ በመዳፋቸውም ይሰሙታል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለውን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቀው ሰው የለም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። እኔ ልጅ ሳለሁ በደርግ ጊዜ መዶሻና ማጭድ የማይታይበት ቦታ አልነበረም። የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ዓርማ ላይ ነበረ፣ በየአደባባዩ ነበረ። ጋሼ መዶሻውንም ማጭዱንም የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሆኖም በዚያው ዘመን ልጆቹን ወደ እሳቸው ቤት እንዳይጠጉ የሚከለክል ጎረቤት ሞልቶ ነበር። ብረት ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዓርማ ላይ ያለው መዶሻ ተነስቶ የቀረ ነው፤ አይወርድም፣ ማረሻም አይሠራም። ይህ ሁሉ ክብር ለሥዕሉ ተሰጥቶ ለጋሼ አለመድረሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጃቸው ትዳር ሲፈልግ «ዘሩ ምንድን ነው?» እንዳይባል እፈልጋለሁ። ማረሻውንና ማጭዱን ከእሳቸው እየገዛን ይህን መጠየቅ ነውር ነው።

ሁለቱም ቀለበቶች ደርሰዋል። ገጣጥሜያቸዋለሁ፤ ልክ ናቸው።

ሰኞ

ዛሬ የሙከራ ቀን ነው። ግቢዬ ውስጥ 90 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። በመጀመሪያ ጤንነቱን አዳመጥኩ። ስንጥቅ የሌለው ድንጋይ ሲመታ ይጮኻል። ስንጥቅ ያለው ድምፁ የታፈነ ነው። የመሳያ ድንጋይ ሞተር ላይ ከመግጠማቸው በፊት ጥንቁቅ ሠራተኞች በእንጨት ነካ አድርገው የሚያዳምጡት ለዚህ ነው። የተሰነጠቀ መሳያ እየተሽከረከረ ቢፈነዳ ይገድላል። መዶሻ እንዲህም ያገለግላል፤ ውስጡ የማይታየውን ነገር ይጠይቅልናል። ሐኪም ጉልበታችንን በጎማ መዶሻ መታ የሚያደርገውም ለጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ማሰሪያው። ሁለቱም ጫፉ ነጻ የሆነ ወጥ ድንጋይ ሲመታ ሁሉ ነገሩ እኩል አይንቀጠቀጥም። ከየጫፉ የርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ላይ ጸጥ የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ለ90 ሳንቲሜትር ድንጋይ ከየጫፉ 20 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው። ድንጋዩን በሁለት የስፖንጅ ቁራጮች ላይ አጋድሜ ደቃቅ አሸዋ በተንኩበትና መሀሉን መታ መታ አደረግኩት። አሸዋው እየዘለለ ወደ ሁለቱ መስመሮች ተሰበሰበ። እዚያ ላይ የታሰረ ገመድ ድምፁን አይነካውም። መሀሉ ላይ ቢታሰር ግን ያፍነዋል።

ከዚያ መምቻዎቹን ሞከርኩ። የብረት መዶሻ ስል፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አወጣ፤ ድንጋዩ ላይም ነጭ ነጥብ ተወ። የሴራሚክ ሠራተኞች የጎማ መዶሻ «ዱም» ብሎ ቀረ። ደረቅ ወይራ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ግን ይንጣጣል። ወይራ በቆዳ ተጠቅልሎ ሲመታ ድንጋዩ ረጅምና ሙሉ ድምፅ ሰጠ። ምክንያቱ የሚነካካበት ጊዜ ነው። ጠንካራ ነገር ለቅጽበት ብቻ ነክቶ ስለሚላቀቅ ቀጫጭኖቹን ከፍተኛ ድምፆች ሁሉ ያስነሳል። ለስላሳ ነገር ትንሽ ስለሚቆይ እነሱን ያጠፋና ወፍራሙን ድምፅ ይተዋል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ወፍራሙንም ይውጠዋል። የሚፈለገው በመካከል ያለው ነው።

ይህንኑ ነገር ከ300 ዓመት በፊት የተጨነቀበት ሰው ነበር፤ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ። ጣሊያን ፍሎረንስ ውስጥ በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ፒያኖን የሠራ ነው። ከፒያኖ በፊት የነበረው ሐርፕሲኮርድ ክሩን የሚቆነጥር መሣሪያ ነበር። ጣት ቢበረታም ቢለሰልስም የድምፁ ኃይል እምብዛም አይለወጥም። ክሪስቶፎሪ በመቆንጠጫው ፋንታ ትናንሽ መዶሻዎች አስገባ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መዶሻው ክሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ከቁልፉ እንዲላቀቅ ማድረጉ ነው። በራሱ ፍጥነት ሄዶ ይመታል፣ ወዲያው ይመለሳል፤ ጣት ቁልፉን ተጭኖ ቢቆይም እንኳ። ያ ባይሆን መዶሻው ክሩ ላይ ተጋድሞ ድምፁን ያፍነው ነበር። የመዶሻዎቹ ፊትም በቆዳ የተሸፈነ ነበር። በተጠቀጠቀ ሱፍ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ሲጫወቱ ስሰማ ከዛሬ ጀምሮ ይህንንም እሰማለሁ። አዲስ አበባ በ1923 እ.ኤ.አ. ተወልደው ኢየሩሳሌም በ2023 ያረፉት መነኩሲት ማለቴ ነው። ጣታቸው የሚነካው ቁልፉን ነው። ክሩን የሚነካው በሱፍ የተሸፈነ መዶሻ ነው። ያ የሚንሳፈፍ ድምፅ መዶሻው ክሩን ለቆ ከሄደ በኋላ የቀረው ነው። ጆሯችን ውስጥም ድምፁን ተቀብለው ከሚያሳልፉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች አንዱ መዶሻ፣ አንዱ መስፍ፣ አንዱ እርካብ ይባላሉ። ሳስበው ደስ ይለኛል።

ውሳኔ፦ አናቱ ወይራ፣ ፊቱ ቆዳ።

ረቡዕ

አናቱን ስጠርብ የጎረቤቴ ልጅ መጣ። ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ሲመለስ ብቅ ይላል። «ጋሼ፣ ከበድ ቢል አይሻልም? በደንብ እንዲጮህ» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ሥራውን አቁሜ አስረዳሁት። የመዶሻ ጉልበት ከክብደትም ከፍጥነትም ይመጣል፤ እኩል ግን አይደለም። በዚያው ፍጥነት ክብደቱን እጥፍ ብናደርገው ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። በዚያው ክብደት ፍጥነቱን እጥፍ ብናደርገው አራት እጥፍ ይሆናል። ወፍጮ ቤት ድንጋይ ሲወቀር አይቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አይቷል። ወቃሪው ቀላል መሣሪያ ይዞ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው። ከባድ ቢይዝ ድንጋዩን ይገምሰዋል። ለደወል ደግሞ ከባድ መዶሻ ሌላም ጣጣ አለው፤ በፍጥነት አይመለስም፣ ድንጋዩ ላይ ይቆያል።

«ታዲያ ከባዱ ለምን ይሆናል?» አለ። ለማፍረስ ይሆናል አልኩት። ለጦርነትም ሆኖ ያውቃል። አውሮፓ ውስጥ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወታደሩ መላ አካሉን በብረት ሰሌዳ ሲሸፍን ሰይፍ እያንሸራተተው አስቸገረ። ያኔ የጦር መዶሻ ተፈለገ፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ የሾለ። ብረቱን ባይበሳውም ምቱ በብረቱ አልፎ አጥንት ይደርሳል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ላይ ኢያዔል ሲሣራን የገደለችው በድንኳን ካስማና በመዶሻ ነው። ዘጠኝ መቶ የብረት ሠረገላ የነበረው የሠራዊት አለቃ በድንኳን መትከያ ዕቃ ሞተ። እንዲህ ያለው መዶሻ ምቱ የተመታው አካል ውስጥ እንዲቀር ይፈልጋል። የእኛው ምቱን ሰጥቶ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድ ዓይን የማላያቸው፤ የጦር መዶሻ በሥዕል ሳይ አላምርልህ ይለኛል።

አናቱ 400 ግራም ገደማ እንዲሆን ወሰንን። ዛቢያው 35 ሳንቲሜትር። ልጁ በሞረድ ጫፉን አጠጋግቶልኝ ሄደ። እጁ ጥሩ ነው።

ዐርብ

ጠፍር ቀን። ከበሮ የሚጠፈርበትን ዓይነት ያልተለፋ ቆዳ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት እንደ ልብ ይታጠፋል። በሁለቱም የመምቻ ፊት ላይ አልብሼ፣ ዙሪያውን በቀጭን ጠፍር ሰፍቼ፣ በቀለበቶቹ ስር አስገባሁት። ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሚስማር አልተጠቀምኩም። ሚስማር ከቆዳው ቀድሞ ድንጋዩን ያገኘዋል።

ዛቢያውን የተልባ ዘይት ቀባሁት። ቀጭን አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ መድገም። የተልባ ዘይት ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ስለሚጠነክር እንጨቱ እርጥበት ቶሎ እንዳይጠጣ ያግዛል። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ክተቱት። ይህን የማያውቅ የእንጨት ሥራ ቤት ብዙ ነው።

የሚቀጥለው ማክሰኞ

ዛሬ ወሰድኩት። ቄሰ ገበዙ አገላብጠው አዩት፣ በመዳፋቸው መዘኑት። «ቀለለ» አሉ። «ይሞክሩት፣ አባ» አልኳቸው።

ከጫፉ ርቀው መሀሉን መቱት። ድምፁ ከቀድሞው ዝግ ያለና ወፍራም ነው፤ ረዥም ጊዜም ይቆያል። መጀመሪያ አጥብቀው ስለያዙት መዶሻው ድንጋዩ ላይ ተጫነ። ጋሼ ያሉኝን ነገርኳቸው፤ ይጣሉት፣ ድንጋዩ ራሱ ያነሳዋል። እጃቸውን አላሉ። የሚቀጥለው ምት ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ መሰለኝ። ታንኳ ላይ ያለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ዘወር ብሎ አየን።

ቄሰ ገበዙ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ አነሱ። ሲሠራ ድንጋዩ ሁሉ ቀድሞ ተጠርቦ ስለመጣ የመዶሻም የመጥረቢያም ድምፅ አልተሰማበትም፤ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 ላይ አለ። «የኛው ግን ይሰማ» አሉና ደግመው መቱት።

ድንጋዩን በጣቴ ዳሰስኩት። አዲስ ቁስል የለውም። የቆዳው ፊት ላይ ትንሽ የድንጋይ አቧራ ብቻ ነው ያለው።

ለክረምቱ አንድ ነገር ተነጋገርን። ጠፍር ሲረጥብ ይልማል፤ ከሰኔ ጀምሮ መዶሻው ውጪ ቋሚው ላይ ተሰቅሎ ማደር የለበትም። ዕቃ ቤት ውስጥ ከወለል ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ቆዳው ሲያልቅ አናቱን ሳልነካ አለብሰዋለሁ።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሌላ አጠር ያለ መረዋ አሳዩኝ። ድምፁ ደካማ ስለሆነ ከተተወ ቆይቷል። ስንጥቅ ያለው አልመሰለኝም፤ ነካ ሳደርገው ውስጡ ንጹህ ነው። ሰንሰለቶቹ ግን ወደ መሀል በጣም ተጠግተዋል። ሐሙስ ሜትር ይዤ እመለሳለሁ።